«ኤሳ ዱፍቴ?»፦ የአይሲቲ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ በክበባችን ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የተሰማው ጥያቄ «ኤሳ ዱፍቴ?» ነው። ከየት መጣህ ማለት ነው። ጅማ ላደገ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፤ መጽሔታችን ከከተማው ውጭም ስለሚነበብ ነው የጻፍኩት። ጥያቄውን የወሰድነው ከግቢያችን ጥበቃ ነው። አባባ በሩ ላይ ሆነው እንግዳን ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። ማን ነህ? ከየት መጣህ? ስሙን ብቻ የተናገረ አይገባም። የመጣበትን ብቻ የተናገረም አይገባም። ተማሪዎቼ ዳታቤዝም፣ ማለትም መረጃ ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ፕሮግራም፣ ልክ እንደዚህ እንደሚጠይቅ የተረዱት በዚህ ዓመት ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ክበቡ ጥቂት ልበል። አባሎቻችን 34 ነበሩ፤ 15ቱ ሴቶች ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንገናኛለን። በመጀመሪያው ወር የኮምፒውተር ክፍሉን አጸዳን፣ የተበላሹ ኪቦርዶችን ቀየርን፣ አዲስ ለገቡት የ9ኛ ክፍል ልጆች የታይፒንግ ልምምድ ሰጠን። ይህን በየዓመቱ ስለምንሠራው አላስረዝመውም።

የዘንድሮው አዲስ ነገር ሰርቨር ነው፤ ፕሮግራም እያሠራ ሌሎች በኔትወርክ እንዲጠቀሙበት የሚያደርግ ማሽን። ክበቡ ውስጥ ሦስት ቡድኖች አሉ። አንደኛው የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መዝገብ ይሠራል። ሁለተኛው የክፍል ለክፍል እግር ኳስ ውድድርን የነጥብ ሰንጠረዥ ይሠራል። ሦስተኛው ለሚኒ ሚዲያ የፕሮግራም ማውጫ ያዘጋጃል። እስከ አምና ድረስ ፕሮግራሞቹ የሚኖሩት በአንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ልጁ ቤቱ ሲሄድ ሰንጠረዡም አብሮት ይሄዳል። ይህ በጣም ያሳስበኝ ነበር፤ ልጆቹ የደከሙበት ሥራ ማንም ሳያየው ይቀራልና።

መላውን ያመጣልን አሁን ዩኒቨርሲቲ ያለ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። ፕቴሮዳክቲል የሚባል የሰርቨር ማስተዳደሪያ አሳየን። ነጻ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለጌም ሰርቨሮች ነው። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ እንዴት እንደተነቃቁ መገመት አያቅትም። ግን ሌላ ፕሮግራምም ያሠራል። ሁለት ክፍል አለው። ፓነሉ በብሮውዘር ከፍተን የምናዝበት ገጽ ነው። ዊንግስ ደግሞ ትእዛዙን ተቀብሎ ሥራውን የሚሠራው ነው። እያንዳንዱን ፕሮግራም ዶከር በሚባል ዘዴ ለየብቻው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዱ ቡድን ቢያበላሽ የሌላው አይነካም።

ጥቅምት ላይ ሁሉንም በአንድ ማሽን ላይ ጫንን። ፓነሉ፣ ዊንግስ፣ ዳታቤዙ፣ የሦስቱም ቡድን ፕሮግራም፤ ሁሉም 8 ጊጋባይት ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ማስታወሻ) ባለው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ። ለሁለት ሳምንት ደህና ሠራ። ከዚያ የአንዱ ቡድን ፕሮግራም ራሙን እየበላ እየበላ ሄደ። ራም ሲያልቅ ማሽኑን የሚመራው ሥርዓት፣ ሊኑክስ፣ አንዱን ፕሮግራም መግደል አለበት። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ብዙ የያዘውን ነው። የእኛ ዕጣ ዳታቤዙ ላይ ወደቀ። ፓነሉም የራሱን ተጠቃሚዎች የሚያስቀምጠው እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ቆመ። ጥፋቱን የሠራው ፕሮግራም ግን በደህና እየሠራ ነበር። አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ያጠፋው ቀርቶ ያላጠፋው ተቀጣ» አለች። ልክ ናት። ዳታቤዙ የራሱ ቤት እንዲኖረው የወሰንነው ያን ቀን ነው።

ሦስት ማሽን አዘጋጀን። ፓነሉ 192.168.1.10 ላይ፣ ዊንግስ 192.168.1.11 ላይ፣ ዳታቤዙ 192.168.1.12 ላይ። ቁጥሮቹ ማሽኖቹ በኔትወርኩ ላይ የሚጠሩባቸው አድራሻዎች ናቸው። ዳታቤዛችን ማሪያዲቢ ነው። ስሙን ለልጆቹ ስነግራቸው ደስ ብሏቸዋል። ማሪያዲቢ የወጣበትን ዳታቤዝ፣ ማይኤስኪውኤልን፣ ከጀመሩት አንዱ ፊንላንዳዊው ሚካኤል ዊዴኒየስ ነው። «ማይ» የትልቋ ልጁ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦራክል የማይኤስኪውኤልን ባለቤት ሳን ኩባንያን ሊገዛ ሲስማማ ዊዴኒየስ ሌላ ቅርንጫፍ አወጣ። እሱን ደግሞ በትንሿ ልጁ በማሪያ ሰየመው። ሁለቱ እህትማማች የሆኑት በስምም በሥራም ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ፓነሉ ከሌላ ማሽን ላይ ሆኖ ዳታቤዙን አንኳኳ። መልሱ ስህተት ቁጥር 2003 ነበር፤ ቅንፍ ውስጥ 111 ይላል። ልጆቹ ወዲያው ፓስወርዱን መቀየር ጀመሩ። አስቆምኳቸው። 111 ማለት እዚያ በር ላይ የሚሰማ የለም ማለት ነው። ስለ ፓስወርድ ገና አልተነሣም። ማሪያዲቢ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኡቡንቱ ላይ ሲጫን የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ለራሱ የሚጠራበት አድራሻ ነው። በር ዘግቶ እቤት ውስጥ ካሉት ጋር ብቻ እንደሚያወራ ሰው ነው። የማስተካከያ ፋይሉን ከፍተን ባይንድ አድሬስ የሚለውን፣ የሚያዳምጥበትን አድራሻ የሚወስነውን መስመር ወደ 192.168.1.12 ቀየርነው። ዳታቤዙን አስነሣነው።

እንደገና አንኳኳን። አሁን ደግሞ ምንም መልስ የለም። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ ጊዜው አለፈ አለ። ይህኛው በመሀሉ ያበራነው ፋየርዎል ነው፤ ወደ ማሽኑ የሚመጣውን ግንኙነት የሚያጣራው። ልጆቹ ልዩነቱን በደንብ እንዲይዙት ፈልጌ ነበር። ቶሎ «የለም» ከተባልክ ደርሰሃል፣ ግን የሚሰማህ የለም። ዝም ከተባልክ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ የያዘህ አለ። ፋየርዎሉ ላይ ዳታቤዙ የሚያዳምጥበትን 3306 ቁጥር በር ከፈትን። ለሁሉም አልከፈትነውም፤ ከ192.168.1.10 ለሚመጣ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ስህተት 1130 መጣ። ከዚህ አድራሻ የሚመጣ አይፈቀድም ይላል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ልጅ በአባባ ድምፅ «ኤሳ ዱፍቴ?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን በትክክል ገብቶታል። በማሪያዲቢ ዘንድ ተጠቃሚ ማለት ስም ብቻ አይደለም። ስምና የመጣበት አድራሻ አንድ ላይ ነው። ከማሽኑ ውስጥ የሚመጣ «ፓነል» እና ከ192.168.1.10 የሚመጣ «ፓነል» ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፓስወርዳቸውም፣ ሥልጣናቸውም ሊለያይ ይችላል። እኛ የመዘገብነው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ስንመዘግብ በሩ ተከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 1130ን በቁጥሩ የሚጠራው የለም፤ ስሙ «ኤሳ ዱፍቴ» ሆነ።

ፓነሉ ግን ገብቶ መቀመጥ ብቻ አይበቃውም። ሥራው ለሌሎች ቤት መስጠት ነው። አንድ ቡድን ዳታቤዝ ሲጠይቅ ፓነሉ ዳታቤዙን ይፈጥራል፣ ለዚያ ቡድን ብቻ የሚሆን ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ ከዚያ ሥልጣኑን ይሰጠዋል። የእኛው ሥልጣን መስጠት ላይ ሲደርስ ተከለከለ። እኔ ራሴ እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት አሳለፍኩ። ሁሉንም ሥልጣን ሰጥተነዋል ብዬ አምን ነበር። ያለህን ሥልጣን ለሌላ የማስተላለፍ መብት ግን «ሁሉም» ውስጥ አይካተትም። ዊዝ ግራንት ኦፕሽን የሚለው ሐረግ ለብቻው መጨመር አለበት። ውክልና የተሰጠው ሰው ሌላ ሰው መወከል የሚችለው በሰነዱ ላይ ከተጻፈለት ብቻ አይደል? ያው ነው። ፓነሉ የራሱን መረጃ የሚያነብበትን አካውንት ለዚህ ሥራ አልተጠቀምንም። ለየብቻ አደረግናቸው፤ እንዲህ ያለ ከባድ ሥልጣን ያለው አካውንት ሌላ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ደስ የሚል ሆነ። ፓነሉ ላይ የዳታቤዙን ማሽን ስም፣ አድራሻ፣ የበር ቁጥርና ፓስወርድ መዘገብን። ቡድኖቹ አንድ ቁልፍ ተጭነው የራሳቸውን ዳታቤዝ አገኙ። ስሙ በኤስና በሰርቨሩ ቁጥር ይጀምራል፤ የማን እንደሆነ በዓይን ይለያል።

የቤተ መጻሕፍቱ ቡድን ግን አሁንም አልተገናኘም። ፕሮግራማቸው ውስጥ የዳታቤዙ አድራሻ 127.0.0.1 ተብሎ ተጽፏል። ከላፕቶፕ ጊዜ የቀረ ነው። በዶከር ሳጥን ውስጥ ያለ ፕሮግራም 127.0.0.1 ሲል የሚጠራው ያንኑ ሳጥን ነው። እዚያ ውስጥ ዳታቤዝ የለም። አድራሻውን ወደ 192.168.1.12 ሲቀይሩት ፋየርዎሉ ያዛቸው። ለምን? ፓነሉ የሚመጣው ከ.10 ነው። የቡድኖቹ ፕሮግራም ግን የሚቀመጠው ዊንግስ ያለበት ማሽን ላይ ነው፤ ከሳጥኑ ሲወጣም የሚታየው በዚያ ማሽን አድራሻ ነው። ለ.11ም በር ከፈትን። ይህን ያገኘችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ነጭ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቤት ሥላ፣ ቀስት አድርጋ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ለትናንሾቹ አስረዳች። እኔ ከዚያ የተሻለ ባላስረዳ ነበር።

በዚህ መሀል ክርክር ተነሣ። ከትልልቆቹ አንዱ «ቲቸር፣ ለምን ከየትም ይምጣ አንልም? የፐርሰንት ምልክት እናድርግና እንገላገል» አለ። እውነቱን ነው፤ ምልክቱ ከየትኛውም አድራሻ የሚመጣን ያስገባል። ባይንድ አድሬሱንም 0.0.0.0 ካልነው በሁሉም በኩል ያዳምጣል። ለልጆቹ የነገርኳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 የሆነውን ነው። በር ተከፍቶላቸው ኢንተርኔት ላይ የተተዉ በሺህ የሚቆጠሩ ዳታቤዞችን አንድ አጥፊ ፕሮግራም እየገባ ጠረጋቸው። ገንዘብ አልጠየቀም። በቦታው የዘፈቀደ ፊደላትና የድመት ድምፅ የሚመስል «ሚያው» የሚል ቃል ትቶ ሄደ። የእኛ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ያለ ነው ተብሎ መተኛት አይቻልም። ግቢው ውስጥ ዋይፋይ አለ፤ የሚያገኘው ሰው ብዙ ነው። ልጁ ሲያስብ ቆይቶ «እሺ፣ አባባ ይጠይቁ» አለ።

የካቲት ላይ መብራት ሄደ። ጅማ ላይ ዝናብ ሲበረታ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሦስቱም ማሽኖች ባንዴ ጠፉ። ስንመለስ ልባችን ተሰቅሎ ነበር፤ የሳምንቱ ውጤት ገብቶ ነበርና። መረጃው ግን በሙሉ አለ። ማሪያዲቢ ነገሩን ከመመዝገቡ በፊት በማስታወሻ ደብተር ላይ ያሰፍራል። መብራት ሲመጣ ደብተሩን አንብቦ ያልጨረሰውን ይጨርሳል። ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ደብተሩ ላይ እንደሚጽፈው ነው።

የተበላሸው ሌላ ነው። ፓነሉ ዳታቤዙን ሲያንኳኳ ዝም ተባለ፤ ፋየርዎሉን ለአፍታ ስንከፍትለት ደግሞ እንደገና «ኤሳ ዱፍቴ» ተባለ። ምንም አልነካንም ነበር። ሁለት ቀን ፈለግን። ራውተሩ ሲነሣ ለፓነሉ ማሽን አዲስ አድራሻ ሰጥቶታል፤ 192.168.1.23። ሰውየው ያው ነው፤ የመጣበት ሰፈር ተቀየረ። ዳታቤዙ ትክክል ነበር። ለሦስቱም ማሽን ቋሚ አድራሻ ሰጠናቸው፤ ራውተሩ ላይም አስያዝንላቸው። ለወደፊት ይህን ለሚሠራ ክበብ የምመክረው፣ አድራሻውን ቋሚ ሳያደርግ ተጠቃሚ እንዳይመዘግብ ነው።

ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ዘግይተናል። በየትምህርት ቀኑ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማሽኑ በራሱ ዳታቤዞቹን በሙሉ ፋይል ላይ ይገለብጣል። ሚያዝያ ላይ አንዱን ወደ ላፕቶፕ መልሰን ለመሞከር ስንከፍተው ፋይሉ አለ፣ መጠኑ ግን ዜሮ ነው። ያለፉት ዘጠኝ ፋይሎችም እንደዚያው። ባክአፕ የሚያደርገው አካውንት ፓስወርድ ተቀይሮ፣ ፕሮግራሙ ግን በድሮው ነበር የሚሞክረው። ምንም አልጠፋብንም፤ ግን ልጆቹ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ አንድ ተረኛ የሳምንቱን ፋይል ላፕቶፕ ላይ መልሶ ከፍቶ ያያል። ከተከፈተ ደብተር ላይ ይፈርማል።

ግንቦት ላይ በወላጆች ቀን ሦስቱንም ፕሮግራሞች አሳየን። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጽሐፍ ማን ጋ እንዳለ ከወንበራቸው ሳይነሡ አይተዋል። የእግር ኳሱን ሰንጠረዥ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ተሰልፈው አይተውታል። አንዲት እናት ልጃቸው የሠራችውን ስታስረዳ ቆመው አዳምጠው፣ በመጨረሻ «ይሄ ማሽን ሌላ ሰው ቢነካውስ?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ መልሱን ሳትጨርስ ከኋላ አምስት ልጆች በአንድ ድምፅ «ኤሳ ዱፍቴ?» አሉ።

ክረምቱን ሦስቱም ማሽኖች ጠፍተው ነው የሚቆዩት። የመጨረሻው ባክአፕ በሁለት ፍላሽ ላይ አለ፤ አንዱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ። የፓስወርዶቹ ዝርዝር ታሽጎ ከሱ ጋር ነው። 12ኛ ክፍል የጨረሱት አራት ልጆች ቁልፉን ለ10ኛ ክፍሏ ልጅ አስረክበዋል። ለመስከረም የምንፈልገው ለዳታቤዙ ማሽን፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው አንድ ዩፒኤስ ነው፤ ያለን ባትሪው ሞቷል። ቤቱ የማይጠቀምበት ደህና ባትሪ ያለው ወላጅ ካለ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት ብቅ ቢልልን ክፍሉ ውስጥ ነን።