ስም ከመስጠታችሁ በፊት አበባውን ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አንባቢዎች የውኃ ቋጣሪ ተክሎችን (ሳኩለንት) ፎቶ ልከው ስማቸውን ሲጠይቁ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከላይ በተነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ይህ አይበቃም። እንደ ጽጌረዳ የተደራረበ ወፍራም ቅጠል ኢቼቬሪያም፣ ግራፕቶፔታለምም፣ ሴምፐርቪቨምም ሊሆን ይችላል። ብርሃን ያነሰው ተክል ደግሞ ግንዱ ይመዘዛል፤ ቅጠሉ ይራራቃል፤ ቅላቱ ጠፍቶ አረንጓዴ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቀስ በቀስ ብርሃን አለማምዶ አዲስ የሚያወጣውን ቅጠል መጠበቅ ይሻላል። በአንድ ጊዜ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከወጣ ቅጠሉ ይቃጠላል።

ይበልጥ የሚታመነው አበባው ነው። የእንዳሁላ ወገን (ካላንቾ) አራት የአበባ ቅጠልና ስምንት ወንዴ ዘንግ (የአበባውን ዱቄት የሚይዝ ክር) አለው። ክራሱላ የተባለው ወገን አብዛኛውን ጊዜ አምስት የአበባ ቅጠልና አምስት ወንዴ ዘንግ አለው። ኢቼቬሪያና ግራፕቶፔታለም ሁለቱም አምስት የአበባ ቅጠልና አሥር ዘንግ ስላላቸው ቁጥር አይለያቸውም፤ ቅርጽ ይለያቸዋል። የመጀመሪያው አበባ እንደ ደወል የተሰበሰበ ሲሆን፣ የሁለተኛው እንደ ኮከብ የተከፈተና ብዙ ጊዜ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ሴምፐርቪቨም ግን አበባ የሚይዘውን አገዳ ከተደራረቡት ቅጠሎች መሀል ያወጣል፤ ያበበው የቅጠል ክምር ይሞትና በዙሪያው ያሉት ቡቃያዎች ይተኩታል።

አበባ ከሌለ ከታች ያለውን አንድ ቅጠል መስበር ይረዳል። እሬት ዝልግልግ ውስጥ ይኖረዋል፤ የቃጫ ወገን የሆነው አጋቬ ግን በጠንካራ ክር የተሞላ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቁልቋልና ካክተስ መምታታታቸው ነው። የካክተስ እሾህ የሚወጣው ጸጉራም ከሆነ ትንሽ እብጠት ላይ ነው፤ ቁልቋልና ቅንጭብ ይህ የላቸውም፣ ሲወጉም ነጭ ወተት ያፈሳሉ። ወተት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንድ የማሚላሪያ ካክተሶችም ያፈሳሉ። የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ የሚፈትሽ ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ በመርፌ ጫፍ ብቻ ይንካው። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ አጥቦ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እባካችሁ ከጠያቂዎች አራት ፎቶ ተቀበሉ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ቅጠሉ ግንዱን ከሚነካበት፣ አበባውንም ከማስመሪያ ጋር። ለገበያ የሚባዙት ብዙዎቹ ድቅል ስለሆኑ፣ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «የኢቼቬሪያ ወገን» ብላችሁ ብታቆሙ ከተሳሳተ ሙሉ ስም ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተክል ባለሙያ