የአገር ልብስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ የደንብ ልብሳችን እዚሁ ጅማ ይሰፋ

የአገር ልብስ ክበብ የተቋቋመ ሰሞን «ስፌት የሴት ሥራ ነው»፣ «ክበቡ ከገና አያልፍም» የሚሉ አስተያየቶች ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር ይሰሙ ነበር። ገናም ኢድም ፋሲካም አልፈው፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተውጣጡ ወንዶችና ሴቶች አባሎቻችን ሥራቸውን ሳያቋርጡ ዓመቱን መጨረሳቸውን ለትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ ስገልጽ ኩራት ይሰማኛል። ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን፣ የሥራ አስፈጻሚ ምርጫውና በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ያቀረብናቸው መልእክቶች በዕቅዱ መሠረት ተከናውነዋል፤ ዝርዝሩ በክበቡ መዝገብ ይገኛል።

የዓመቱ ጥያቄያችን በአንድ አካባቢ የተዳከመ የልብስ ሥራ ሠራተኛውን ሳይበድል እንዴት መልሶ ሊያገግም ይችላል የሚል ነበር። ለመነሻ ያጠናነው በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር የምትገኘውን ብላክበርንን ነው። ጄምስ ሃርግሪቭስ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያሽከረክረውን መፍተያ እ.ኤ.አ. በ1764 ገደማ የሠራው በዚያው አካባቢ ሲሆን፣ የላንክሻየር ፋብሪካዎችም ለብዙ ዘመን ለዓለም ገበያ ጨርቅ ሲያቀርቡ ኖረዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ገበያቸው እየጠበበ ሄዶ አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ሕንዶች የእንግሊዝን ጨርቅ አንገዛም ብለው በእጃቸው በሚፈትሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ማኅተመ ጋንዲ ራሳቸው ከብላክበርን አጠገብ ወዳለችው ዳርዌን ሄደው የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞችን ማነጋገራቸው ተማሪዎቻችንን ብዙ አከራክሯል።

ይበልጥ የጠቀመን ግን የቅርብ ጊዜው ታሪክ ነው። ፓትሪክ ግራንት የተባለ የልብስ ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2015 በብላክበርን የሚገኝ አንድ የቆየ የስፌት ፋብሪካ ከመዘጋት አድኖ፣ በቀጣዩ ዓመት ኮሚዩኒቲ ክሎዚንግ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የስፌት ፋብሪካዎች በየዓመቱ ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ወራት አሏቸው፤ ድርጅቱም በእነዚያ ወራት ትእዛዝ በመስጠት ሠራተኛው እንዳይበተንና ልብሱ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲወጣ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ እዚያው ብላክበርን ውስጥ በክፍት መሬት ላይ ተልባ ተዘርቶ ከአገዳው ለጨርቅ የሚሆን ቃጫ ለማውጣት ተሞክሯል። ተልባን ለፍሬው ብቻ የሚያውቁት ተማሪዎቻችን ይህን ለማመን ተቸግረው ነበር።

የአገራችንንም ሁኔታ አልዘለልነውም። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት የታሰበ እንደነበር አባሎቻችን ያውቃሉ። ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት የሚያስችለው የአጎዋ የገበያ ዕድል እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ሲቋረጥ ለውጭ ገበያ ብቻ መሥራት ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ተወያይተናል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ዘገባ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ስናነብ፣ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ የቤት ኪራይን፣ የዘይትንና የጤፍን ወጪ በሰሌዳው ላይ ደረደረች። ሰፊው የማይኖርበት ዋጋ ርካሽ ሊባል አይገባም ብላ ስትከራከር ማንም አልተቃወማትም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው በየካቲት ወር ወደ አንድ የሸማኔ ቤት ያደረግነው ጉብኝት ነው። ባለቤቱ ከጋሞ ደጋ መጥተው ጅማ የኖሩ አዛውንት ናቸው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው መርገጫውን እያፈራረቁ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲልኩት፣ ተማሪዎቹ ዐይናቸውን ከእጃቸው ላይ መንቀል አልቻሉም። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ግን ከገበያ የሚገዙት የእጅ ፈትል መሆኑንና አንድን ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ለማድረግ ብዙ ፈታዮች እንደሚያስፈልጉ ነገሩን። ሃርግሪቭስን ለመፍተያው ያነሣሣው ችግር ይኸው እንደነበር አንዱ ተማሪ ወዲያው አስታወሰን። ከዚያ አንዲት አባላችን በቦታቸው ተቀምጣ ስትሞክር ከድሩ አንድ ክር ተበጠሰ። እሷ ደንግጣ ስትነሣ፣ በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጎንበስ አለና ጣቱን በምራቁ አርሶ ሁለቱን ጫፎች ቀጠላቸው፤ ቋጠሮው የት ላይ እንዳለ ፈልጎ ማግኘት እንኳ አስቸጋሪ ነበር። ሽማግሌው «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። «አባቴ ሸማኔ ነው» አለ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሸማኔነት መሰደቢያ ሆኖ መኖሩን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል መልስ አይደለም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጥጥ መዳመጥን፣ መንደፍንና ማድወርን ለክበቡ ያስተማረው እሱ ነው፤ እንዝርቱንም ከእናቱ ተውሶ አመጣልን።

ከብላክበርን የቀሰምነውን ዘዴ ወደራሳችን ስናመጣው ያረፈው የደንብ ልብሳችን ላይ ነው። አባሎቻችን የከተማችንን ልብስ ሰፊዎች እየዞሩ ሲጠይቁ፣ በነሐሴና በመስከረም እንዲሁም በበዓላት ዋዜማ እንቅልፍ እንደሌላቸው፣ በቀሪዎቹ ወራት ግን የስፌት መኪናቸው ሥራ ፈትቶ እንደሚውል ነግረዋቸዋል። የእኛ ትእዛዝ የሚወጣው ክረምቱ ሊያበቃ ሲል በመሆኑ የጅማ ሰፊዎች አይደርስልንም ይላሉ፤ ሥራውም ከሌላ ከተማ ተሰፍቶ ይመጣል። ትእዛዙ በየካቲት ወር ቢሰጥና ከክፍያው የተወሰነው በቅድሚያ ቢለቀቅ፣ ሰፊው በተረጋጋ ጊዜ ተገቢውን የእጅ ዋጋ እያገኘ ይሠራል፤ ወላጅም እጅጌው ሲቀደድ ልብሱን የሰፋውን ሰው ያውቀዋል።

እንቅፋቶች አልጠፉም። በእርድ ያቀለምነው ጨርቅ ፀሐይ ሲያገኘው ደበዘዘ፤ የጥጥ ዋጋ መጨመሩም ሁለተኛውን ጋቢ እንዳንጀምር አድርጎናል። ያለን የስፌት መኪና ከአንድ ወላጅ በውሰት የተገኘ ሲሆን፣ ዕቃዎቻችንም በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቁም ሳጥን ውስጥ በአንዱ መደርደሪያ ላይ ነው ያሉት። ለስፖርት ክበቡ በየዓመቱ አዲስ ማሊያ መገዛቱን አንቃወምም፤ ነገር ግን በዚያ በጀት እኩሌታ ሁለት የእግር ስፌት መኪናዎች መግዛት እንደሚቻል፣ ማሊያውንም ራሳችን ልንሰፋ እንደምንችል አስተዳደሩ እንዲያጤነው በአክብሮት እናሳስባለን።

ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ያቀረብነው ጥያቄ የሚቀጥለው ዓመት የዘጠነኛ ክፍል የደንብ ልብስ ትእዛዝ ብቻ ለሙከራ በየካቲት ወር ለከተማችን ሰፊዎች እንዲሰጥ ነው። ከአገር ውስጥ ካኪ የተሰፉት ናሙናዎች በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተሰቅለዋል፤ የጨርቁ፣ የክሩና የእጁ ዋጋ ለየብቻ ተጽፎባቸዋል። ወላጆች መጥተው ስፌቱን በውስጥ በኩል ገልብጠው እንዲመለከቱልን እንጠይቃለን።