ከዳር ወደ መሃል የሚሰፋ የእራፊ ብርድ ልብስ

እህቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊዎች የለቀምኩትን እራፊ ይዤ ካዋንዲ የሚባለውን የእራፊ ብርድ ልብስ መስፋት ጀምሬያለሁ። ካዋንዲ የሚሰፉት ሕንድ ውስጥ ካርናታካ በሚባል ግዛት ያሉ፣ ሲዲ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ድሮ ወደዚያ የተወሰዱ አፍሪካውያን ዘሮች ናቸው፤ ለዚህ ነው መሰል ልቤን የሳበው።

እንደለመድነው በካሬ ቆርጦ መገጣጠም የለም። አቡጀዲ ታነጥፋላችሁ፤ ከዚያ ከአንዱ ማዕዘን ጀምራችሁ፣ የእያንዳንዱን እራፊ ጠርዝ እያጠፋችሁ፣ በእጅ እየሰፋችሁ፣ ዙሪያውን እየዞራችሁ ወደ መሃል ትገባላችሁ። ማዕዘኖቹ ላይ «ፉላ» የሚሉት የታጠፈ ጨርቅ ይገባል። አበባ ማለት ነው። እኔ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ጥለት አጥፌ አስገባሁበት፣ ቀዩ ብቅ ሲል እንዴት እንደሚያምር!

ክሩን አጥብቄ ስቤው ጨርቁ ተጨማደደብኝ፣ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ላላ አድርጋችሁ ስፉ።

እሑድ ይዤው እመጣለሁ። መርፌና ሁለት ሦስት እራፊ እንዳትረሱ።