ጓሳውን ያስታወሰኝ ተራራ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። የአባባን ማረፍ የሰማሁት ዘግይቼ፣ ከሰው አፍ ነው። ወዲያው ደውዬ «እግዜር ያጥናህ» ማለት ሲገባኝ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

አሁን ያለሁት ስኮትላንድ ነው፣ ሃይላንድስ በሚሉት ደጋ። ኬርንጎርምስ ተራሮች ውስጥ ባለ ሰፊ የግል ርስት ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬ ከአጋዘን ጋር ነው። አለቃዬ ያድናል፤ እኔ የተመታውን በፈረስ ጭኜ አወርዳለሁ፣ ሥጋው የሚሰቀልበትን ቤት አጥባለሁ። ብርዱን አትጠይቀኝ፣ የመንዝን ውርጭ ያስንቃል።

የዚህ አገር አጋዘን ከባሌው የተለየ ነው። የባሌው ቀንድ አንዴ ከበቀለ አይወልቅም። የዚህኛው ወንድ ቀንድ ግን በየዓመቱ ረግፎ እንደ አዲስ ይበቅላል። አንድ የረገፈ ቀንድ አንስቼ ሳየው ጫፉ ተግጧል። የጋጡት ራሳቸው አጋዘኖቹ ናቸው። ግጦሹ የማይሰጣቸውን ማዕድን ከቀንዱ ይፈልጋሉ።

ለምን ትገድሏቸዋላችሁ ትለኝ ይሆናል። እዚህ ተኩላ ከጠፋ መቶዎች ዓመታት አልፈዋል። የሚበላው የሌለ መንጋ ይበዛል። ሲበዛ የጥዱን ችግኝ ከሥር ከሥሩ ይነጨዋል። ያረጁ ጥዶች ቆመው ታያለህ፣ ከሥራቸው ግን አንድም ችግኝ የለም። የበረዶው ወራት ሲያልቅ ደግሞ ደካማው በረሃብ ይወድቃል። በፈረንጆች 2020 የወጣ፣ ለስኮትላንድ መንግሥት የቀረበ ጥናት በሰፋፊ የሃይላንድስ ተራሮች ላይ በስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ10 ቀይ አጋዘን እንዳይበልጥ መክሯል። ወንዱን ብቻ ብትመታ ደግሞ መንጋው አይቀንስም። የሚቀንሰው ሴቷ ስትመታ ነው። የሴቷ የአደን ወቅት ከኦክቶበር 21 እስከ ፌብሩወሪ 15 ነው። ለእኔ ከባዱ ጊዜ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዋን አልረሳትም። ነፋሱ ሽታችንን እንዳይወስድባቸው ዞረን መጣን። ረግረጉ ላይ በሆዳችን ተሳብን፤ ውሃው በደረቴ ገባ። አለቃዬ አንዴ ተኮሰ፣ ወደቀች። ግልገሏ ትንሽ ሮጦ ቆመና ወደ እናቱ ዞረ። እሱንም መታው። «ብቻውን ክረምቱን አያልፍም» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ሆዷን ስንከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ጡቷ ውስጥ ገና ወተት ነበረ። እጄ ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አባባ መጡብኝ። ጓሳው፣ ያ የመንዝ የጋራ የሣር ምድራችን፣ ለግጦሽ በተዘጋ ጊዜ አንተና እኔ ከብቶቹን በስውር ያስገባን ቀን ትዝ ይልሃል? ሰው አላየንም ብለን ነበር። አባባ ራሳቸው እየነዱ ጠባቂዎቹ ፊት አቆሙን፣ ቅጣቱንም ከኪሳቸው ከፈሉ። አንተ አለቀስክ። እኔ ተናድጄ፣ ሳሩ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ምን አካበዱ አልኩ። ያን ቃል አሁን መመለስ ብችል! ለሳሩ ብለው በገዛ ልጃቸው የጨከኑ ሰው ነበሩ።

ከእኛ ብዙም የማይርቅ ግሌንፌሺ የሚባል ሸለቆ አለ። ከፈረንጆች 2004 ጀምሮ አጋዘኑን በብዛት ቀነሱት። ባለፈው አለቃዬ ወስዶ አሳየኝ። አጥር የለው ምን የለው፣ ትንንሽ ጥድ ከቁጥቋጦው መሃል ወጥቷል። አንዱ ጉልበቴ ድረስ ነበር። ቁጭ ብዬ ቅጠሉን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጫፉ አልተነጨም። ያቺ እናትና ግልገሏ ዛሬም ከፊቴ አልጠፉም፣ ግን ሥራውን አልተውም።

የሴቷ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ። ቤት ሳልገባ መጀመሪያ መቃብራቸው ውሰደኝ። ጓሳው ዘንድሮ ክፍት ነው ዝግ? ጻፍልኝ።

ወንድምህ