ውኃ ላይ ስላለው ቤት፣ ለእናቴ

ለንደን፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

በአንድ ጣሪያ ሥር እያደርን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ ወሬያችን ሁሉ ጩኸት ሆኗል። መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ብዬ እጮኻለሁ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ ብዬ እጮኻለሁ። የዛሬውን ግን ጎረቤት በግድግዳ እየሰማኝ ልጮኸው አልፈልግም። ዓይንሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በመነጽር ዳዊቱን ይደግማልና በትልልቁ ጻፍኩልሽ። ሲደክምሽ አስቀምጪው፤ አያልቅብሽም።

ባለፈው ሰሞን "ማታ ማታ ስልክሽ ላይ የምታዪው ያ ረጅም ጀልባ ምንድን ነው? ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እግርሽን በፋሻ የምትጠቀልለው ነርስ በር እያንኳኳች ስለነበር ሳልመልስልሽ ቀረሁ። መልሱ ይኸው፦ ጥዬሽ አልሄድም። ጀልባዋን ግን እፈልጋታለሁ። ሁለቱም ልቤ ውስጥ አሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲያባርረው አላየሁም።

ናሮውቦት ይሏታል። ስፋቷ ሁለት ሜትር ከትንሽ ነው፤ ርዝመቷ ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ የጠበበችው ለጌጥ አይደለም። የዛሬ 250 ዓመት ገደማ የእንግሊዝን ቦዮች የቆፈሩት ሰዎች ዳገት ሲገጥማቸው ጀልባው ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት፣ ከፊትና ከኋላ በር ያለው ገንዳ ሠሩ፤ ሎክ ይሉታል። በብዙ ቦታ ወጪና ውኃ ለመቆጠብ ገንዳውን ጠባብ አደረጉት፣ ጀልባውም በገንዳው ልክ ተሠራ። ያኔ ከሰል ተሸክማ በፈረስ ትጎተት ነበር። ዛሬ ሞተር አላት፤ ከሰል በነበረበት ቦታ ደግሞ አልጋ፣ ኩሽና፣ መጽሐፍ መደርደሪያ፣ ትንሽ የብረት ምድጃ ገብቶባታል። ሰው ይኖርባታል፤ ልጅ ያሳድግባታል።

እኔ ያየኋት መድኃኒትሽን ላመጣ ስሄድ ነው። በሀሮ ሮድ ላይ ያለው የመኪና ጩኸት ሲሰለቸኝ ወደ ቦዩ ወርጄ በዳሩ መሄድ ጀመርኩ። ይህ የኛ ሰፈር ቦይ በፈረንጅ 1801 የተከፈተ ነው። ከሊትል ቬኒስ ተነስቶ በኬንሳል ግሪን አልፎ እስከ ሄይስ ድረስ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አንድም ሎክ ሳይኖርበት ይሄዳል። ጀልባዎቹ በዳሩ ተደርድረው ታስረዋል። ክረምት ላይ ከጭስ ማውጫቸው የእንጨት ጭስ ሲወጣ የዘጌ ቤትሽ ይሸተኛል እንዳልልሽ እኔ ዘጌን በልጅነቴ ጥዬው ወጥቻለሁ፤ አንቺ ግን ይሸትሽ ነበር ብዬ አስባለሁ። ጣሪያቸው ላይ ጎመንና ጥብስ ቅጠል በሣጥን ይተክላሉ። አንዲት ሸምገል ያለች ሴት ብቻዋን ትኖራለች፤ ሳልፍ ሰላም ትለኛለች፣ አንድ ቀን ገብቼ እንዳይ ጋበዘችኝ። እጄን ብዘረጋ ምድጃው፣ ብዘረጋ ድስቱ፣ ብዘረጋ መጋረጃው። ቤቱ ውስጥ ካለ ዕቃ አንዱም ትርፍ አልነበረም። ስወጣ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር።

ለምን እንደቀለለኝ እንድታውቂው ቀኔን ልንገርሽ። አብረን ነው የምንውለው፣ ግን በእኔ በኩል ምን እንደሚመስል ነግሬሽ አላውቅም።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነቃለሁ። መጀመሪያ የማደርገው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ትንፋሽሽን ማዳመጥ ነው። ከዚያ የሌሊቱን መቀመጫ አጥባለሁ፣ ውኃ አሞቃለሁ፣ ገላሽን አጥባለሁ፣ ፋርማሲው በየቀኑ ለይቶ ያሸገውን ኪኒን አወጣለሁ። ትምህርት ቤት ኩሽና ስሠራ ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው፤ አንገትሽ ላይ ያለውን የእርዳታ መጥሪያ ቁልፍ ብትጫኚ የሚደውሉት ለእኔ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ስልክ ሲጠራ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው አለ፦ ከሆስፒታል፣ ከአካባቢው አስተዳደር ከካውንስል፣ ከጡረታ። ሐኪም ቤት ስንገባ ሐኪሙ እኔን እያየ ስለ አንቺ ይጠይቃል፤ እኔ ለአንቺ እተረጉማለሁ፣ ያልሽውን ለእሱ እመልሳለሁ፤ አንዳንዱን ክፉ ወሬ እንዴት አድርጌ በአማርኛ እንደማለዝበው እያሰብኩ በመሀል ዝም እላለሁ። ያን ዝምታ አይተሽዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጡኝ ለምን እምቢ እንደምል ጠይቀሽኝ ነበር። መንግሥት ለአስታማሚ የሚከፍላት አበል በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚያስታምም ሰው ነው። አስታማሚው ደግሞ ተቀናናሹ ሁሉ ተነስቶ በሳምንት ከተወሰነው የገቢ ጣሪያ በላይ ካገኘ፣ ትርፉ አንድ ፓውንድም ቢሆን፣ የዚያ ሳምንት አበል ሙሉ በሙሉ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ ሰው አረጋዊ አስታሞ የሚያውቅ አይመስለኝም። ደጋግሜ አስቤበታለሁ፣ አሁንም ያናድደኛል።

ወቀሳ አድርገሽ አታንብቢው እማዬ። አንቺ እኔን አዝለሽ በመተማ በኩል ገዳሪፍ የገባሽ፣ እዚህ ደርሰሽም የሰው ሆቴል አልጋ እያነጠፍሽ ያሳደግሽኝ ነሽ። አንቺን መጦር ዕዳ ሆኖብኝ አያውቅም። ግን ቀኔ ሁሉ የተሠራው በሌሎች ሰዓት ነው፤ በነርሷ፣ በፋርማሲው፣ በትምህርት ቤቱ ደወል። ጀልባ ላይ ሰው በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። በዳር ፈጠን ብሎ የሚሄድ እግረኛ ሊቀድመው ይችላል። ሎክ ላይ ሲደርስ ወርዶ በብረት እጀታ መዝጊያውን ያነሳል፣ ውኃው እስኪተካከል ይቆማል፤ ቢቸኩልም በሩ አይከፈትለትም። ማታ ማታ የማየው ይህንኑ ነው። ሰዎች በሩን በጀርባቸው እየገፉ ሲከፍቱ አያለሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል።

"ውኃ መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይሆንም" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ቡናና ጌሾ ጭናችሁ በደንገል ታንኳ ባሕር ዳር ገበያ ስትሄዱ ጣና ሲነሳ የኪዳነ ምሕረትን ስም እየጠራሽ እንደተሻገርሽ ስትነግሪኝ ነው ያደግሁት። ይህ ቦይ ግን ማዕበል የለውም። ብዙ ቦታ አዋቂ ሰው ቢቆምበት ከደረቱ አያልፍም።

ደግሞ አንድ ነገር አንብቤ ደስ አለኝ። በ19ኛው መቶ ዘመን ባቡር የጀልባውን ሥራ ሲሻማ፣ ጀልባ ነጂዎቹ የቤት ኪራይ መክፈል እያቃታቸው ሚስትና ልጆቻቸውን ጀልባ ላይ ጫኑ። ከኋላ በኩል ባለች፣ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር በምትሆን ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ሙሉ ይኖር ነበር፤ ይወለድባታል፣ ይታመምባታል፣ ይስታመምባታል። ኖርዝሀምፕተንሺር ውስጥ ስቶክ ብሩን የሚባል መንደር አለ፤ እዚያ ሜሪ ዋርድ የምትባል ነርስ በቦዩ ዳር ተቀምጣ እነዚህን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ስታክም ኖራለች። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሚሆኑ ሐኪም እንደልብ አያገኙም ነበር፤ እሷ ዘንድ ሲደርሱ ግን ጀልባቸውን አስረው ይገባሉ። የአስታማሚ ነገር ቦዩ ላይም ነበረ ማለት ነው። ያን መንደር በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

አንቺን ይዤ ጀልባ ላይ ልኑር ወይ ብዬ በደንብ አስቤበታለሁ። አይሆንም። መውረጃው ደረጃ ቁልቁል ነው፣ አንቺ ደግሞ ደፍ መሻገር አቅቶሻል። ሽንት ቤቱ ብዙውን ጊዜ በእጅ ተሸክመው ወስደው የሚደፉት ሣጥን ነው። ውኃው ከቧንቧ ተቀድቶ ገንዳ ይሞላል፤ ሲያልቅ ጀልባውን ነድቶ እስከ ቧንቧው መሄድ ነው። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ መከራየት ውድ ነው፤ ለንደን ውስጥማ አይቀመስም። ማሰሪያ የሌለው ሰው ደግሞ በፈረንጅ 1995 በወጣው ሕግ መሠረት በቂ ምክንያት ከሌለው በስተቀር አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይችልም። ዛሬ ኬንሳል ግሪን፣ በኋላ ሳውዝሆል ብንሆን ነርሷ የት ብላ ታገኝሻለች? ለጤነኛ ሰው ነፃነት የሚሆነው ሁሉ ላንቺ መከራ ነው። ይህን ከራሴ ጋር ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ አትስጊ።

እንግዲያ መቼ?

እዚህ ላይ ነው ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ያለው። ጀልባዋን ሳነሳ ሰዎች "ግድ የለም፣ ጊዜው ሲደርስ ታደርጊዋለሽ" ይሉኛል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሊያጽናኑኝ ነው። ግን "ጊዜው" የሚሉት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያንቺን መሄድ ነው። እማዬ፣ ሕልሜን እዚያ ላይ ማንጠልጠል አልፈልግም። በሌሊት ስታስይ ጀልባዋ ትዝ እንድትለኝ አልፈልግም። ከቀብርሽ መልስ የሚጀመር ደስታ ከሆነ ይቅርብኝ፣ ጨርሶ አልመኘውም። ስለዚህ አንቺ እያለሽ፣ አንቺ እያወቅሽው፣ በሚቻለው መጠን ትንሽ ሆና እንድትጀመር ነው የምፈልገው። ስመለስ የምነግረው ሰው እንዲኖረኝ።

የምለምንሽ ይኸው፦ ከሐምሌ ገብርኤል ማግስት ጀምሮ አንድ ሳምንት ልቀቂኝ። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ፍልሰታም አልገባም። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሚልተን ኪንስ አካባቢ ጀልባ ተከራይተን ወደ ስቶክ ብሩን እንሄዳለን። ለመከራየት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ አከራዮቹ አሳይተው ነው የሚሰጡት። መንገድ ላይ ኮስግሮቭ ሲደረስ ጀልባው በብረት ድልድይ ወንዝ ላይ ያልፋል፤ ድልድዩ ውኃ ተሸክሞ፣ ከሥሩ ደግሞ ግሬት ኡዝ የሚባለው ወንዝ ይሄዳል። በፈረንጅ 1811 ላይ የተሠራ ነው። ከዚያ መንደሩ ሊደረስ ሲል ተከታትለው የቆሙ ሰባት ሎኮች አሉ። ፎቶ በየቀኑ እልክልሻለሁ።

አንቺ ብቻሽን አትሆኚም። በፈረንጅ 2014 በወጣው የእንክብካቤ ሕግ አስታማሚም ለራሷ ምን እንደሚያስፈልጋት የመጠየቅ መብት አላት፤ ከካውንስሉ የመጣችው ሴትዮ እኔን ብቻዬን ያነጋገረችኝ ለዚያ ነበር። ሳምንቱን የሚሸፍን ሰው እንሰጣችኋለን ብላለች። "ባዳ ገላዬን አያይም" እንዳልሽ ሰምቻለሁ፣ ልክ ነሽም። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ለምኜ ከሊድስ እንድትመጣ እሺ አሰኝቻታለሁ። ገላሽን የምታጥበው እሷ ናት፤ ከካውንስል የምትመጣዋ ቀን ቀን ምሳ ለመስጠትና ኪኒኑን ለማየት ብቻ ትገባለች። የእግርሽን ቅባት፣ የሌሊቱን መብራት፣ ቡናሽ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚገባበት ሁሉ ጽፌ ፍሪጁ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከመስቀል በኋላ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ዊልቸር በሊፍት የሚያወርዱ ሰፋ ያሉ ጀልባዎች ያሏቸው በጎ አድራጎት ማኅበራት አሉ፤ ለቀን ሽርሽር ሰው ይወስዳሉ። ከፈቀድሽ አንድ ቀን አብረን እንወጣለን። ነጠላሽን ደርበሽ፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዘን። ውኃ እንዴት እንደሚነበብ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ ከስልክ የተማርኩትን ነው የማወራሽ።

አከራዮቹ ቦታውን እስከ ዓርብ ይዘውልኛል። እሺ ካልሽ ነገ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ የባቡር ትኬቷን እቆርጣለሁ። እምቢ ካልሽ ግን "አይሆንም" ብለሽ ብቻ አትተዪኝ፤ የሚያስፈራሽ የቱ እንደሆነ ንገሪኝ። የአክስቴ ልጅ ካልሆነች ማንን እንደምትፈልጊ ንገሪኝ። ሳምንት ከበዛብሽ አራት ሌሊት በይኝ፣ ወደ አራት ሌሊት አወርደዋለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ