የስደት ተመላሾች ማረፊያ ጣሪያን መልሶ ለመሥራት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ የእድር አባላት፣ ነጋዴዎችና በውጭ አገር ለምትኖሩ ልጆቻችን፦

ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ለሚመለሱ ወገኖቻችን በእድሮቻችን አዳራሽ የከፈትነው ማረፊያ፣ ጣሪያው በሐምሌው ዝናብና ነፋስ ተገንጥሎ ወድቋል። ፈጣሪ ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው የለም፤ ነገር ግን እናቶችና ሕፃናት እስከ ዛሬ የሚያድሩት በእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በለቅሶ ድንኳንና በድስት መካከል ነው።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ከየቤታችሁ ብርድ ልብስ ያወጣችሁት እናንተው ነበራችሁ። ዛሬም ከጅቡቲዋ የወደብ ከተማ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው፣ በሳዑዲዋ ጂዛን ላይ ተይዘውና በእስር ወራት ቆጥረው ቦሌ የሚወርዱት ልጆች፣ ጅማ ሲደርሱ በእጃቸው ያለው አንድ ፌስታል ነው። ወላጆቻቸው ለደላላ ለመክፈል በሬ ሸጠዋል፣ ተበድረዋል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ደዶ፣ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ወይም ወደ ኦሞ ናዳ መግባት ያፍራሉ። ማረፊያው ያስፈለገው ለእነዚህ ቀናት ነው።

«ለጣሪያ ያዋጣነው ገንዘብ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ለመጓጓዣ፣ ለመድኃኒትና ለእህል ወጥቷል። ባለፈው ጥር ሳይታሰብ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣብን፣ ነፍሰ ጡር ሴቶችን መናኸሪያ ላይ ትተን ቆርቆሮ ለመግዛት ኅሊናችን አልፈቀደም፤ ዛሬም ያው ቢገጥመን ያንኑ እናደርጋለን። ከኮሚቴው አበል የወሰደ አንድም ሰው የለም፤ ደረሰኞቹ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ስለሚገኙ ማንም መጥቶ ሊመረምራቸው ይችላል።

በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ የጀመርነው መዋጮ ከግማሽ ሳያልፍ ቆሟል፤ በር ማንኳኳቱም እንዳደከመን አንሸሽግም። ቃል የገቡልን ነጋዴዎች «ቡና ሲደርስ» ብለውናል፤ ቃላቸውን እናከብራለን፣ ሆኖም የጅማ ዝናብ መስከረምንም አልፎ ስለሚዘንብ ለቀማውን ልንጠብቅ አንችልም። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገድ ላይ የቀረ መንገደኛ ነው፤ እንግዳን መቀበልም በክርስቲያኑ ላይ ያለ ግዴታ ነው።

ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ምስማርና ፍራሽ በዓይነት እንቀበላለን። ገንዘብ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተውና በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በእድሩ በር ላይ ተለጥፏል። በግለሰብ ስልክ ወይም በግል ቴሌብር ላኩ የሚላችሁ ሰው ከእኛ አይደለም። ደግመን እናሳስባለን፦ በእድሩ በር ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ውጪ እንዳታስገቡ፣ በዓይነት ስታስረክቡም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

አስተባባሪ ኮሚቴው፣ ጅማ