ይድረስ ለአባባ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስኳርዎ ከፍ ብሎ ተኝተው እንደነበር የሰማሁት ከእህቴ ነው። ለምን ይደብቁኛል? መብራት ሲጠፋስ ኢንሱሊኑን የት ያስቀምጡታል? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ጥርሷን መቀየር ጀምራለች፤ ትልቁ ከኳስ ሌላ ወሬ የለውም።

በእማዬ ተዝካር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ «ልጄ ጭስ ትሸጣለች» ያሉት ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ያን ቀን ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው።

እኔ የምሠራበት የአውሮፓ የካርቦን ልቀት ፈቃድ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የተጀመረው። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች፣ የብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በጠቅላላ ሊለቁ የሚችሉት ካርቦን ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ለእያንዳንዱ ቶን ፈቃድ ያስፈልጋል። መቀነስ የቀለለው የተረፈውን ፈቃድ ይሸጣል፣ የከበደው ይገዛል። አባባ፣ ልቀቱን የሚቀንሰው ጣሪያው ነው፤ ንግዱ ወጪ ያቃልላል እንጂ። መጀመሪያ ፈቃዱን በነፃ፣ ያውም ከልክ በላይ ስላደሉት በ2007 ዋጋው ወደ ዜሮ ወረደ። ያኔ ቢወቅሱን እውነትዎን ነበር። ከ2019 ወዲህ ትርፍ ፈቃድ ከገበያው እየተሰበሰበ ነው፤ በ2023 የቶኑ ዋጋ 100 ዩሮ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ልቀቱ ከ2005ቱ 47 በመቶ ያህል ዝቅ ብሏል። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው! የቀነሱት ግን በአብዛኛው ማመንጫዎቹ ናቸው፤ ብረትና ሲሚንቶ ዛሬም ብዙ ፈቃድ በነፃ ያገኛሉ፣ ይህ ያበሳጨኛል።

እርስዎ የሚያውቁት የሁምቦውን የደን ካርቦን ሽያጭ ነው። ሶዶ ሳሉ ራቁቱን ያዩት ተራራ ከየጉቶው አቆጥቁጦ፣ 2,728 ሄክታር መሬት ተከልሎ፣ የዓለም ባንክ ፈንድ ደኑ ከአየር ከሚስበው ካርቦን 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። ለገበሬዎቹ ማኅበራት ገቢ ሆነ፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ደን ሊቃጠል ይችላል፤ ከድንጋይ ከሰል የወጣው ካርቦን ግን ለዘመናት አየር ላይ ይቆያል። የአውሮፓው ገበያ የደን ካርቦን ያልተቀበለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሀብታም አገር ሁምቦ ላይ ከፍሎ የራሱን ጭስ እንዳለ ልተው ቢል እኔም እንደ እርስዎ እቃወማለሁ።

ይህን ሁሉ ያኔም እነግርዎ ነበር፤ አልጠየቁኝም።

ለፋሲካ እመጣለሁ። እባክዎ እስከዚያ ራስዎን ይጠብቁ፣ ምግብዎን አይዝለሉ። ስመጣ ያን ቀን የነበሩትን ጎረቤቶች ጠርተው በእነሱ ፊት ስለ ሥራዬ ይጠይቁኝ።

ልጅዎ